የጊታር አምፕሊፋየርን ለአርቲስት ማዋስ፦ ለአምራች ድርጅት የማርኬቲንግና የአርቲስት ግንኙነት ሠራተኛ ዝርዝር መመሪያ

በጊታር አምፕሊፋየር አምራች ድርጅት ውስጥ የማርኬቲንግና የአርቲስት ግንኙነት ሥራ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እንዲህ ነው። ስመ ጥር ጊታር ተጫዋች ይመርጣል፣ አምፕ በነፃ ይልክለታል፣ ተጫዋቹ ከአምፑ ጎን ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ይለጥፋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ያው ተጫዋች በተፎካካሪ ድርጅት አምፕ መድረክ ላይ ይታያል፣ የተላከውም ዕቃ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ችግሩ የሚመነጨው ፎቶው ከአገልግሎቱ እንዲቀድም ከመደረጉ ነው። ጊታር ተጫዋች ከአንድ አምፕ ጋር የሚቆየው በየምሽቱ ሳያሳፍረው ስለሚሠራለትና ሲበላሽም የሚደርስለት ሰው ስላለ ነው፤ በነፃ መሰጠቱ ብቻውን ማንንም አያቆይም። የሚከተለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይህን መሠረት አድርጎ ሲሆን፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚገኙ አምራቾች ጋር ለሚሠሩ ወይም ለመሥራት ለሚያመለክቱ ሰዎች የታሰበ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት በድርጅቱ ውስጥ የሚጠናቀቁ ጉዳዮች

ለአርቲስቶች ብቻ የተመደበ የአምፕ ክምችት ይኑርዎት። ለሽያጭ ከተዘጋጀው መጋዘን በየጊዜው እየለመኑ መሥራት አይቻልም፤ ገበያ በደመቀ ወቅት ቀድሞ የሚነጠቀው የእርስዎ ድርሻ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ስንት አምፕ፣ ስንት ካቢኔ (ስፒከር የያዘ ሳጥን)፣ ስንት መለዋወጫ ቲዩብ (በአምፑ ውስጥ ድምፁን የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) ለውሰት እንደሚወጣ ከሽያጭና ከፋይናንስ ክፍል ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ለመድረክ በሚወጣ እያንዳንዱ አምፕ ላይ አንድ ተጠባባቂ ይቁጠሩ። ሦስት አርቲስት ለመያዝ ስድስት አምፕ ካላገኙ አርቲስቱን ይቀንሱ እንጂ ተጠባባቂውን አይቀንሱ።

መዝገብ ይክፈቱ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የአምፑ ሰርያል ቁጥር፣ የተሠራበት ቮልቴጅ፣ የተገጠመለት ቲዩብ ዓይነት፣ የወጣበት ቀን፣ የተቀበለው ሰው ስምና የሚመለስበት ቀን ይስፈር። የመመለሻ ቀን ያልተጻፈለት አምፕ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ከጥገና ክፍል በስልክ የሚገኝ አንድ መሐንዲስ ያስመድቡ። ኮንሰርት የሚካሄደው ቢሮ ከተዘጋ በኋላ፣ ይበልጡንም በሳምንቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ «ሰኞ ጠዋት እንደውልልዎታለን» የሚል መልስ ግንኙነቱን በአንድ ምሽት ያፈርሰዋል። ድርጅቱ ይህን ለመመደብ ፈቃደኛ ካልሆነ ቱር ለሚዞሩ አርቲስቶች አምፕ ማዋስ አይጀምሩ፤ በከተማው ካሉ የስቱዲዮ ተጫዋቾች ጋር መጀመር ይሻላል።

በመጨረሻም አምፑን ራስዎ ይወቁት። ተሸክመው ደረጃ ያውጡት፣ ከበሮ ባለበት ክፍል ውስጥ ይስሙት፣ ከኋላው ያሉትን ሶኬቶች በጨለማ ለመለየት ይሞክሩ። ተጫዋቹ የሚጠይቅዎ ከእነዚህ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 1፦ ተጫዋቹን መምረጥ

የተከታይ ብዛት የመጀመሪያ መስፈርት አይሁን። ተጫዋቹ በቅርቡ ያቀረባቸውን ኮንሰርቶች ቪዲዮ ይመልከቱና ከጀርባው ያለውን ዕቃ ይመርምሩ። በየከተማው የተለያየ አምፕ ከታየ የሚጫወተው በየቦታው በሚከራይ ዕቃ ነው ማለት ነው። አምፕ ጨርሶ ካልታየ፣ ወይም ካቢኔ ቢኖርም ፊቱ ማይክ ካልቆመ፣ እንደ ኬምፐር፣ ፍራክታል ወይም ኳድ ኮርቴክስ ባለ ዲጂታል መሣሪያ እየተጫወተ ሊሆን ይችላል። ይህን ሰው በአንድ ደብዳቤ ወደ ከባድ የቲዩብ አምፕ እመልሰዋለሁ ብለው አይድከሙ። ለቀረጻ ሊፈልገው ስለሚችል እሱን ይጠይቁት።

ቀጥሎ የአምፑን ጠባይ ከሚጫወተው ሙዚቃ ጋር ያገናዝቡ። ገና በዝቅተኛ ድምፅ ዲስቶርት የሚያደርግ (ድምፁን የሚያሻክር) አምፕ ለብሉዝና ለሮክ ተጫዋች ደስታ ሲሆን፣ ትዝታ ወይም አምባሰል ለሚያጅብ ጊታር ተጫዋች ግን እንቅፋት ነው። እዚህ ጊታሩ ከድምፃዊው ጋር እየተቀባበለ በየኖታው ጌጥ እየጨመረ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ኖታ ተነጥሎ መሰማት አለበት። ለእንዲህ ያለው ሰው ድምፁ ከፍ ሲልም ንጹሕ ሆኖ የሚቆይ አምፕ ይውሰዱለት፤ ከሌለዎት ይተዉት።

በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታለፉት በየሳምንቱ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ባንድ መሪዎች፣ የስቱዲዮ ተጫዋቾች፣ የጊታር መምህራን፣ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው በየሳምንቱ መጨረሻ ድምፃውያንን የሚያጅቡ የኢትዮጵያ ባንዶች ጊታር ተጫዋቾች። እነዚህን ሌሎች ጊታር ተጫዋቾች በቅርብ ያዩአቸዋል፣ ዕረፍት ሲሆንም መድረክ ድረስ ሄደው «ይህ አምፕ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቋቸዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሌላ አምራች ጋር ውል ያለውን ተጫዋች ውሉን እንዲያፈርስ አይገፋፉ። ውሉ የሚያበቃበትን ጊዜ በጨዋነት ይጠይቁና ያንን ቀን ይመዝግቡ።

ደረጃ 2፦ መድረኩን ማጥናት

አምፑን ከማቅረብዎ በፊት ለተጫዋቹ ወይም ለቱር ማናጀሩ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ የቱሩን የከተሞች ዝርዝር፣ የአዳራሾቹን ስፋት፣ የቴክኒክ ሪደሩን (ባንዱ መድረክ ላይ የሚፈልገውን ዕቃ የሚዘረዝረውን ሰነድ) ቅጂ፣ ዕቃው በመኪና ወይስ በአውሮፕላን እንደሚጓዝ፣ እንዲሁም ባንዱ መድረክ ላይ ራሱን የሚሰማው በወለል ሞኒተር ወይስ በጆሮ ውስጥ ሞኒተር እንደሆነ።

የአውሮፕላኑ ጉዳይ ወሳኝ ነው። በአውሮፕላን የሚዞር ተጫዋች በየከተማው የሚያገኘው ከባክላይን (የመድረክ የሙዚቃ መሣሪያ) አከራዮች ዘንድ ያለውን አምፕ ብቻ ነው። የእርስዎ ሞዴል በእነዚያ አከራዮች መጋዘን ከሌለ፣ ተጫዋቹ ቢወደውም እንኳ ከቱሩ አጋማሽ በላይ በሌላ አምፕ ይጫወታል። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ላሉ አከራዮች አስቀድመው ይደውሉ፤ ሞዴሉ ከሌላቸው ጥቂት አምፖችን በቅናሽ እንዲገዙ ያመቻቹ ወይም በውሰት ያስቀምጡላቸው። የማርሻል አምፕ መሥራች ጂም ማርሻል ደጋግመው እንደተረኩት፣ ጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ሄንድሪክስ በ1966 እ.ኤ.አ. ወደ እርሳቸው ሲመጣ የጠየቀው ነፃ ዕቃ ሳይሆን፣ ዋጋውን ከፍሎ፣ በሄደበት አገር ሁሉ ጥገና የሚያገኝበትን መንገድ ነበር። የዛሬ ተጫዋችም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሪደሩን ሲያነቡ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚለውን ሐረግ ይፈልጉ። ከሞዴሉ ስም አጠገብ ይህ ሐረግ ካለ አዘጋጁ ሌላ አምፕ የማቅረብ መብት አለው። ግንኙነቱ ሲጸና ሐረጉ እንዲወጣ፣ ወይም በምትኩ የእርስዎ ሁለተኛ ሞዴል በስም እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ግንኙነት

የመጀመሪያው መልእክት አጭር ይሁን፤ ተጫዋቹን እንደሰሙት የሚያሳይ አንድ ነጥብ ይኑረው፣ ግዴታም አያስከትል። ለምሳሌ፦ «በቅርቡ ባደረጉት ቱር ለንጹሑና ለዲስቶርሽኑ ድምፅ ሁለት አምፕ ሲጠቀሙ አይቻለሁ። ባለሁለት ቻናሉ አምፓችን ሁለቱን በአንድ ላይ ሊሸፍንልዎ ይችል እንደሆነ ልምምድ ቦታዎ ድረስ አምጥቼ ላሳይዎት እፈልጋለሁ። ካልተስማማዎ በዚያው ቀን ይዤው እመለሳለሁ።» ስለ ፎቶ፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ስለ ውል በዚህ መልእክት ውስጥ አንድም ቃል አይጻፉ።

ከተጫዋቹ ጋር እኩል የሚያስፈልግዎ ሰው የጊታር ቴክኒሺያኑ ነው። አምፑን የሚያነሣው፣ የሚያገናኘው፣ ሲበላሽ የሚወቀሰው እሱ ነው፤ ካልወደደው ከጥቂት ኮንሰርቶች በኋላ «አላመንኩትም» የሚለው ቃሉ ብቻ ይበቃል። በዕድሜ ከእርስዎ የሚያንስ ቢሆንም በአክብሮት ያነጋግሩት፣ ስልክዎን በቀጥታ ለእሱ ይስጡ፣ ምን መለዋወጫ እንደሚፈልግ ይጠይቁት።

መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ። ከዚያ በኋላም ዝም ካሉ ቱሩ እስኪያልቅ ይጠብቁ።

ደረጃ 4፦ የሙከራው ቀን

ሙከራው ተጫዋቹ በሚለማመድበት ክፍል፣ ከሙሉ ባንዱ ጋር፣ በራሱ ጊታርና በራሱ ፔዳሎች ይደረግ። በሱቅ ወይም በቢሮ ውስጥ ብቻውን ሲሞከር ግሩም የነበረ አምፕ ከበሮና ቤዝ ሲጨመርበት ሊደበቅ ይችላል። ሁለት የስፒከር ኬብል፣ ትክክለኛ መጠን ያላቸው ፊውዞች፣ መልቲሜትርና ነጭ የጨርቅ ቴፕ ይያዙ።

1. ነባሩን አምፕ ሳይነኩ የእርስዎን ከጎኑ ያቁሙ።
2. ከማብራትዎ በፊት ስፒከር መገናኘቱን ያረጋግጡ። የቲዩብ አምፕ ያለ ስፒከር ሲሠራ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።
3. ኦሙን (የስፒከሩን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መጠን) ያስተካክሉ። ባለ 16 ኦም ሁለት ካቢኔ በትይዩ ሲገናኙ 8 ኦም፣ ባለ 8 ኦም ሁለት ካቢኔ ደግሞ 4 ኦም ይሆናሉ። የአምፑ መምረጫ በዚሁ ላይ ይሁን።
4. ስታንድባይ (ድምፅ ሳይወጣ ቲዩቦቹን የሚያሞቅ ማብሪያ) ካለው ቲዩቦቹ እስኪሞቁ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ።
5. የመጀመሪያውን ቅንብር ቴክኒሺያኑ ያውጣ። እርስዎ ዝም ይበሉ።
6. ተጫዋቹ ደስ ያለውን ድምፅ ሲያገኝ፣ በእያንዳንዱ ማዞሪያ አናት ላይ ትንሽ ነጭ ቴፕ ለጥፈው ያለበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፣ ፎቶም ያንሡ። በሚቀጥለው ከተማ ሳውንድ ቼክ ላይ ቴክኒሺያኑ የሚያመሰግንዎ ለዚህ ነው።
7. ሁለቱንም አምፕ በአንድ ዓይነት ማይክ፣ ከስፒከሩ በእኩል ርቀት ይቅዱና ቅጂውን ለተጫዋቹ ይተዉለት። በማግሥቱ ድካሙ ወጥቶለት ሲሰማው የሚሰጠው ውሳኔ ይበልጥ የታመነ ነው።

*ሲበላሽ፦* ሁለቱ አምፖች አንድ ላይ ሲጫወቱ ድምፁ ቀጥኖ ወፍራሙ ክፍል ከጠፋ፣ በሁለቱ መካከል የፖላሪቲ (የድምፅ ሞገዱ አቅጣጫ) ተቃርኖ አለ ማለት ነው፤ የአንዱን ፖላሪቲ የጊታሩን ድምፅ ለሁለቱ አምፕ በሚከፍለው መከፋፈያ ሳጥን ላይ ይገልብጡ። ሁለቱ ሲያያዙ «ህምም» የሚል ድምፅ ከመጣ መንስኤው የመሬት መስመሩ ዙር ስለሆነ ትራንስፎርመር ያለው መከፋፈያ ሳጥን ይጠቀሙ። *የመሬት መስመሩን እግር ከሶኬቱ ላይ በፍጹም አይቁረጡ፣ ሌላ ሰው እንዲቆርጠውም አይፍቀዱ።* ጊታር የያዘ ሰው ከንፈሩን ወደ ማይክ ሲያስጠጋ በኤሌክትሪክ ሊሞት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ድምፅ መሐንዲሱ «ጮኸብኝ» ካለ ቅሬታውን እንደ ጥቃት አይቁጠሩት። ባለ 50 ዋቱ አምፕ ከባለ 100 ዋቱ የሚያንሰው በ3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ ዋቱን በግማሽ መቀነስ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። የሚሠራው ካቢኔውን ከታዳሚው ዘወር ማድረግ፣ ከፊቱ መከለያ ማቆም፣ ወይም የድምፅ ኃይልን የሚቀንስ አቴንዌተር ማስገባት ነው። በአነስተኛ ክለብ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ዋት ያለው አምፕ ስለሚበቃ፣ ተጫዋቹ በብዛት በእንዲህ ዓይነት ቦታ የሚሠራ ከሆነ ትልቁን አምፕ ጨርሶ አያምጡለት።

ደረጃ 5፦ ውሉ

ተጫዋቹ «እፈልገዋለሁ» ካለ በኋላ ብቻ ወደ ወረቀት ይሂዱ። ሦስት ዓይነት ስምምነት አለ። የመጀመሪያው ውሰት ነው፤ አምፑ የድርጅቱ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛው የአርቲስት ዋጋ ነው፤ ተጫዋቹ በቅናሽ ይገዛል። ሦስተኛው በተጫዋቹ ስም የሚወጣ ሞዴል ነው፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ ይከፈለዋል። አዲስ ግንኙነት ሁልጊዜ በውሰት ወይም በአርቲስት ዋጋ ይጀመር። ከሁለቱ እኔ የምመርጠው የአርቲስት ዋጋን ነው፤ በኪሱ የገዛውን አምፕ ማንም ሰው ጋራዥ ውስጥ ረስቶት አይሄድም።

በውሰት ውሉ ውስጥ የሚከተሉት በግልጽ ይጻፉ፦ ሰርያል ቁጥሩ፣ ሲወጣ የነበረበት ሁኔታ ከፎቶ ጋር፣ የሚመለስበት ቀን፣ የማጓጓዣ ወጪውን የሚሸፍነው ወገን፣ በጉዞና በመድረክ ላይ ያለው ኢንሹራንስ በማን ስም እንደሆነ፣ ጥገና ያለ ድርጅቱ ፈቃድ እንደማይደረግበት፣ ለሦስተኛ ወገን እንደማይሸጥና እንደማይተላለፍ።

ስምና ምስልን የሚመለከተው አንቀጽ ብዙ ሰው የሚጠመድበት ነው። ተጫዋቹ ስሙንና መልኩን እንድትጠቀሙ መፍቀዱ፣ ፎቶ አንሺው ያነሣውን ፎቶ እንድትጠቀሙ መብት አይሰጣችሁም፤ የፎቶው የቅጂ መብት በተለምዶ የፎቶ አንሺው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቶ ከአንሺው የተለየ የጽሑፍ ፈቃድ ያግኙ፣ የት የት (በድረ ገጽ፣ በኅትመት፣ በሚከፈልበት ማስታወቂያ) እና እስከ መቼ እንደሚውል በዚያ ላይ ይስፈር።

በስም የሚወጣ ሞዴል ላይ ከደረሳችሁ፣ ውሉ ሲያበቃ ስሙ የማን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ወስኑ። የአሜሪካው አምፕ አምራች ፒቪ ከጊታር ተጫዋቹ ኤዲ ቫን ሄለን ጋር በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጣው አምፕ 5150 ይባል ነበር፤ ይህም የተጫዋቹ የቤት ስቱዲዮ ስም ነው። ሁለቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ሲለያዩ ስሙ ከተጫዋቹ ጋር ሄደ፣ ፒቪም አምፑን 6505 ብሎ መሸጥ ያዘ። ፒቪ አምፑን በአዲስ ስም ይዞ መቀጠል የቻለው ዲዛይኑ በእጁ ስለቀረ ነው። ስለዚህ ስሙና ዲዛይኑ በሁለት የተለያዩ አንቀጾች ይጻፉ።

*ሲበላሽ፦* ማናጀሩ ውሉን ሳይፈርም «አምፑን ላኩልን፣ ቱሩ ነገ ይጀምራል» ካለ፣ ሰርያል ቁጥሩን፣ የመመለሻ ቀኑንና የኢንሹራንስ ኃላፊነቱን ብቻ የያዘ አንድ ገጽ ይላኩለትና እሱ ተፈርሞ ሲመጣ ዕቃውን ይልቀቁ። ያለ አንድ ፊርማ ግን ምንም አይውጣ።

ደረጃ 6፦ ማሸግ፣ መላክና የኤሌክትሪክ ጉዳይ

አምፑን ለቱር የሚሆን ጠንካራ የጉዞ ሳጥን ውስጥ ያስገቡ። ቲዩቦቹ በመያዣ ካልታሰሩ አውጥተው በየስፖንጁ ይጠቅልሏቸውና የወጡበትን ቀዳዳ ቁጥር በየአንዳንዱ ላይ ይጻፉ። ከአምፑ ጋር አብሮ፣ እርስ በርሱ የተመሳሰለ የኃይል ቲዩብ ስብስብ፣ ሁለት የፕሪአምፕ (የመጀመሪያው ማጉያ ክፍል) ቲዩብ፣ በዓይነቱ ልክ የሆኑ ፊውዞችና አንድ ተጨማሪ የስፒከር ኬብል ይላኩ። ሳጥኑ ክዳን ውስጥ፣ መሐንዲሱ በሌሊት የሚገኝበትን ስልክና የደረጃ 7ን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ አድርገው ይለጥፉ።

አሁን ወደ ቮልቴጁ ይምጡ፤ ይህን ክፍል በጥድፊያ አይለፉት። በአሜሪካ ግድግዳው ላይ ያለው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። በብሪታንያ፣ በአብዛኛው አውሮፓ፣ በእስራኤልና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች 230 ቮልት አካባቢ፣ 50 ኸርዝ ነው። በኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ በጃፓን ደግሞ 100 ቮልት ነው። ከዲሲ ተነሥቶ በአውሮፓ በኩል ዱባይና አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃ ቱር፣ በኢትዮጵያ ድምፃውያን ዘንድ የተለመደ መንገድ ሲሆን፣ ለአሜሪካ የተሠራውን አምፕ ለአደጋ ያጋልጠዋል። ለ120 ቮልት የተዘጋጀ አምፕ 220 ላይ ሲሰካ፣ ዕድለኛ ከሆኑ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል፤ ካልሆኑ ትራንስፎርመሩና ቲዩቦቹ አብረው ይሄዳሉ።

በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሥሩ፦

1. በአምፑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ቮልቴጁን፣ ኸርዙንና የሚወስደውን ኃይል ይመዝግቡ።
2. አምፑ የቮልቴጅ መምረጫ ካለው ለውጡን ብቃት ያለው ቴክኒሺያን ያድርገው። ቮልቴጁ ሲቀየር የፊውዙም መጠን ስለሚቀየር አንዱን ቀይሮ ሌላውን መተው አይቻልም።
3. መምረጫ ከሌለው ለዚያ አገር የተሠራ አምፕ በዚያው አገር ካለ አከፋፋይ ይዋስ። ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።
4. ይህም ካልተቻለ ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ይያዙ። መጠኑን ሲመርጡ የአምፑን የድምፅ ዋት አይመልከቱ፤ ባለ 100 ዋት የቲዩብ አምፕ ከግድግዳው የሚስበው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከጀርባው የተጻፈውን የኃይል ፍጆታ ወስደው ቢያንስ ግማሹን ይጨምሩበት።
5. ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን እንደማይለውጥ ያስታውሱ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ አምፕ በ50 ኸርዝ ከልክ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል አስቀድመው መሐንዲሱን ይጠይቁ።
6. የፔዳሎቹንም የኃይል ምንጭ ይመርምሩ። አምፑ ተርፎ ፔዳሎቹ የሚቃጠሉበት ጊዜ አለ።

መድረኩ በጄኔሬተር የሚሠራ ከሆነ፣ ቴክኒሺያኑ ከመሰካቱ በፊት ሶኬቱን በመልቲሜትር እንዲለካ፣ መብራቶቹ በሙሉ ሲበሩም ደግሞ እንዲለካ ይንገሩት። አምፑ ከብርድ ወደ ሞቃት አዳራሽ ከገባ ደግሞ ሳጥኑ ተከፍቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፤ በውስጡ የተፈጠረ እርጥበት እያለ አይበራም።

ዕቃው ድንበር የሚሻገር ከሆነ የኤቲኤ ካርኔ የተባለውን ጊዜያዊ የጉምሩክ ሰነድ ያዘጋጁ። እስከ አንድ ዓመት ያገለግላል፤ ሁሉም አገር ግን ስለማይቀበለው በመንገዱ ላይ ያሉትን አገሮች አንድ በአንድ ያጣሩ። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ቀጠና ከወጣችበት ከ2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በዚያ ድንበርም ይህን ማሰብ ግድ ሆኗል። በሰነዱ ላይ ያለው ሰርያል ቁጥር በአምፑ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር ይመሳሰል። በየድንበሩ ሲገቡም ሲወጡም ማኅተም ያስመቱ፤ መውጫው ላይ ካልተመታ ዕቃው እዚያው እንደተሸጠ ተቆጥሮ ቀረጥ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ደረጃ 7፦ ከኮንሰርቱ በፊት አምፑ ሲበላሽ

ይህ የሚሆንበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ስልኩን ሲያነሡ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «በሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» የሚል ይሁን። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ከቀረ ተጠባባቂው አምፕ ወዲያው ይነሣ፣ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። ጊዜ ካለ ቴክኒሺያኑን በዚህ ቅደም ተከተል ይምሩት፦

1. የአመልካች መብራቱ ይበራል? ካልበራ ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ይፈትሽ፣ ከዚያ የኤሌክትሪክ ኬብሉን፣ ከዚያ ዋናውን ፊውዝ።
2. ፊውዙ ከተቃጠለ በተመሳሳይ መጠን ይተካ። ሁለተኛው ፊውዝም ከተቃጠለ አምፑ ከዚያ በኋላ አይበራም። በትልቅ ፊውዝ ወይም በፎይል መተካት እሳት ያስነሣል።
3. መብራቱ በርቶ ድምፅ ከሌለ፣ ፔዳሎቹ በሙሉ ይውጡና ጊታሩ በአንድ ኬብል በቀጥታ ይሰካ። «አምፑ ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው እዚህ ላይ ያበቃል።
4. አሁንም ዝም ካለ፣ በኢፌክት ሉፑ (በአምፑ ላይ የኢፌክት መሣሪያ የሚገናኝበት ቦታ) መውጫና መግቢያ መካከል አጭር ኬብል ይግባ። ድምፁ ከተመለሰ ችግሩ የሉፑ መግቢያ መቆሸሽ ነው፤ ለምሽቱ በኬብሉ ይቀጥሉ።
5. የስፒከር ኬብሉ ይቀየር። ከአምፕ ወደ ካቢኔ የተሰካው የጊታር ኬብል ከሆነ ወዲያውኑ ይነቀል፤ ለዚያ ኃይል አልተሠራም።
6. ጩኸት ወይም የሚቆራረጥ ድምፅ ካለ የፕሪአምፕ ቲዩቦቹ አንድ በአንድ በአዲስ ይተኩ፤ አምፑ ጠፍቶ ቲዩቦቹ ከቀዘቀዙ በኋላ።
7. የኃይል ቲዩብ ውስጡ ያለው ብረት ቀልቶ ከታየ አምፑ በዚያው ቅጽበት ይጥፋ። ይህ በመድረክ ላይ የሚጠገን አይደለም።

*ቴክኒሺያኑ የአምፑን ሻሲ እንዲከፍት በስልክ አይምሩት።* ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊቀር ይችላል።

በማግሥቱ ጠዋት ራስዎ ይደውሉ፤ እስኪደወልልዎ አይጠብቁ። ምትክ አምፕ በቀጣዩ ከተማ ሆቴል እንዲደርስ ያድርጉ፣ የተበላሸው ወደ ፋብሪካ ሲመለስ መንስኤውን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ለቴክኒሺያኑ ይላኩ። ስሕተቱ የፋብሪካው ከሆነ በግልጽ ይጻፉለት።

ደረጃ 8፦ ማስታወቂያው

ተጫዋቹ በአምፑ ከጥቂት ኮንሰርቶች በላይ ሳይጫወት ምንም አይለጥፉ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ መሠረት አንድ ሰው ምርቱን እንደሚጠቀም የሚናገር ማስታወቂያ የሚወጣው በእርግጥ ተጠቃሚ ሲሆን ነው፤ መቀጠል የሚችለውም አሁንም እየተጠቀመ ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት እስካለ ድረስ ነው።

በነፃ ወይም በቅናሽ የተሰጠ አምፕ በዚሁ መመሪያ ዘንድ መገለጽ ያለበት ግንኙነት ነው። ተጫዋቹ ስለ አምፑ በሚለጥፈው በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ፣ አንባቢው ሳይፈልግ በሚያየው ቦታ፣ አምፑ ከድርጅቱ እንደተሰጠው በቀላል ቃል ይጻፍ። ንግግሩ በቪዲዮ ከሆነ መግለጫውም በቪዲዮው ውስጥ ይሁን። በብሪታንያም ማስታወቂያ የሆነ ነገር ማስታወቂያ መሆኑ ወዲያው እንዲታወቅ ይጠየቃል። ኃላፊነቱ የተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን የድርጅቱም ስለሆነ፣ የሚጻፈውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተው ይስጡት፣ መለጠፉንም ይከታተሉ።

ለቪዲዮው የታወቀ ዘፈን አያስጫውቱ። የዘፈኑን ባለመብቶች ፈቃድ ካላገኙ ቪዲዮው ይወርዳል፣ ክስም ሊከተል ይችላል፤ ተጫዋቹ ራሱ ለዚሁ የደረሰውን ይጫወት፣ ለዚያም ፈቃዱ በጽሑፍ ይኑር። ድምፁ ከካቢኔው ፊት በቆመ ማይክ የተቀዳ ይሁን፣ በኋላ በኮምፒዩተር የተጨመረበት ነገር ካለም ይገለጽ። አምፕ የሚገዛ ሰው ጆሮ አለው፤ ያልተነገረውን ኢፌክት ለይቶ ያወጣዋል።

የሚለጠፍበትን ቀን ከሽያጭ ክፍል ጋር ይወስኑ። አምፑ በሱቆች ሳይደርስ የወጣ ቪዲዮ ገዢውን ወደ ተፎካካሪው ሱቅ ይነዳዋል። በጃንዋሪ በአሜሪካ አናሃይም ከተማ ከሚካሄደው የናም የሙዚቃ መሣሪያዎች ንግድ ትርዒት ጋር እንዲገጥም ከተፈለገ፣ ቀረጻው ከዚያ ወራት ቀድሞ ማለቅ አለበት።

*ሲበላሽ፦* ፎቶው ላይ ከእርስዎ አምፕ ኋላ የሌላ አምራች ካቢኔ ከታየ፣ ምስሉን በኮምፒዩተር አያጥፉ። ለቴክኒሺያኑ ነግረው በሚቀጥለው ኮንሰርት ሌላ ፎቶ ያስነሡ፣ ወይም ሥዕሉን ጠበብ አድርገው ይቁረጡ።

ደረጃ 9፦ ክትትል፣ መመለስና መለያየት

ቱሩ በሚካሄድበት ጊዜ በወር አንድ ጊዜ ለቴክኒሺያኑ ይደውሉ። ጥያቄው «ፎቶ አለህ?» ሳይሆን «ምን አስቸገረህ?» ይሁን፣ መልሱንም ለመሐንዲሶቹ በጽሑፍ ያስተላልፉ። የማዞሪያው እጀታ ላላ፣ የእግር መቀያየሪያው ኬብል አጠረ የሚሉ ጥቃቅን ቅሬታዎች የሚቀጥለውን ሞዴል ያሻሽላሉ።

የመመለሻው ቀን ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት ምርጫዎቹን ያቅርቡ፦ ውሰቱ ይታደሳል፣ በአርቲስት ዋጋ ይገዛዋል፣ ወይም ይመለሳል። ተጫዋቹ ወደ ሌላ አምፕ መዞሩን ከሰሙ ወቀሳ አይጻፉ። አመስግነው አምፑን የሚወስድ መኪና ወጪውን ችለው ይላኩ፤ ስሙንና ፎቶውን ከድረ ገጹና ከሚከፈልባቸው ማስታወቂያዎች በዚያው ሳምንት ያውርዱ፣ አከፋፋዮችም እንዲያወርዱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

የተመለሰው አምፕ በቀጥታ ወደ መደርደሪያ አይሂድ። መሐንዲሱ በውሉ ላይ ካለው ፎቶ ጋር ያስተያየው፣ ቲዩቦቹን ይፈትሽ፣ የቮልቴጅ መምረጫውንና ፊውዙን ይመልከት፣ ባያሱን (የኃይል ቲዩቦቹን የመነሻ የኤሌክትሪክ ፍሰት ቅንብር) ይለካ፣ ሙሉ ኃይል ላይ አድርጎ ያሙቀው። ውጤቱ በመዝገቡ ላይ ከሰርያል ቁጥሩ ጎን ሳይሰፍር ለሚቀጥለው ተጫዋች አይላክ።